አረንጓዴው ብር

በስልክ የመጣው ወሬ አጭር ነበር።

«ገዳይዋን አግኝተናታል» አሉ የቀበሌው ሊቀ መንበር። «ቆጮዋ ተበላሽቷል።»

ሳጅን ኃይለኢየሱስ ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ ሳቀ። «አለቃ፣ ቆጮ ነው የመሰከረባት። እንግዲህ የቆጮውን ቃል ተቀብለን ማስፈረም ነው የቀረን።»

ኢንስፔክተር ጣቢታ አልሳቀችም። ሳጅኑ ጎጃም ያደገ ሰው ነው፤ በዚህ ቢስቅ አይፈረድበትም። እሷ ግን የሌሞ ልጅ ናት። የአንዲት ሴት ቆጮ ተበላሸ ማለት እጇ ተበላሸ፣ እጇ ተበላሸ ማለት ደግሞ ስሟ ተበላሸ ማለት እንደሆነ ከእናቷ ጓሮ የተማረችው ነው። ኮፍያዋን አነሳችና «መኪናውን አስነሳ» አለችው።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ልጆቼ። ጋሽ ጠና የሚባሉ ገበሬ ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ባለ መንደራቸው ለምራታቸው አዲስ የቆጮ ጉድጓድ ሲቆፍሩ፣ ዶማቸው መሬት ውስጥ ያለ ማሰሮ ሰበረ። ከስብርባሪው መሐል የብር ሳንቲም ወጣ። ግማሹን ዶማው ቆራርጦታል፣ ግማሹ እርስ በርሱ ተጣብቆ አረንጓዴ ጓል ሆኗል። የባህል ቢሮ ሰዎች በስልክ የተላከላቸውን ፎቶ አይተው፣ የጥንት ሮማውያን ብር ሳይሆን አይቀርም አሉ። እንዴት ሌሞ እንደደረሰ መሬቱ ይወቀው። ጋሽ ጠና ብሩን በጨርቅ ቋጥረው ወገባቸው ላይ አሰሩና «ረቡዕ ሄጄ አስረክባለሁ» ብለው ለጠየቃቸው ሁሉ ተናገሩ።

ረቡዕ ማለዳ እዚያው አዲስ ጉድጓድ ውስጥ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። ዶማው አጠገባቸው ነበር። በግንባሩ የወደቀ ሰው ማጅራቱ አይፈነከትም፤ የሳቸው ግን ማጅራታቸው ነበር የተፈነከተው። ቋጠሮውም የለም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ያስጠላል። ሬሳው ሳይነሳ ሰው ስለ ብር ያወራ ጀመር። «ስንት ነበር? ማን ወሰደው?» ይላል ለቀስተኛ የተባለው፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ። የመንደሩ ቤት ሁሉ ተፈተሸ፤ የእህል ጎተራ ተገለበጠ፣ ፍራሽ ተቀደደ፤ ምንም አልተገኘም። ሳምንት አልፎ ሌላ ሳምንት ተተካ። ለቀስተኛው ግን እየመጣ ነውና የሟች ምራት ሐዳሳ ለማብላት ጓሮ ያለውን አሮጌውን የቆጮ ጉድጓድ ከፈተች። ሽታው ድንኳኑ ድረስ ደረሰ። ሴቶቹ አፍንጫቸውን ይዘው ሸሹ። አንዷ «የሰው ደም የነካው እጅ እኮ ነው» አለች። የምራቲቱ ነጠላ ጫፍ ሲፈታ ደግሞ ከዚያ አረንጓዴ ብር አንዲት ፍሬ ተገኘች። በቃ። ሐዳሳ ቤቷ ውስጥ በሚሊሻ ትጠበቅ ጀመር።

መኪናው ደጃፉ ላይ ሲቆም ዝንቡ ከሰው በፊት ተቀበላቸው። ሳጅኑ ወርዶ አንድ ጊዜ ተነፈሰና አፉን በክርኑ ሸፈነ።

«አለቃ፣ ይሄ ቆጮ ሁሌም እንዲህ ነው የሚሸተው?»

«አይደለም» አለች ጣቢታ። «ጤነኛ ቆጮ ይኮመጥጣል እንጂ አይገማም። ይሄ የሞተ ነው።»

ከድንኳኑ አንድ ወፈር ያለ፣ ጥቁር ኮት የለበሰ ሰው እየተጣደፈ መጣ። የሟች ታናሽ ወንድም ሆሴዕ ነው፤ ዱራሜ ላይ እህል ይነግዳል። በዚፕ የሚዘጋ ጥቁር የቆዳ ሽፋን ያለው መጽሐፍ ቅዱስ ብብቱ ስር ሸጉጧል። ጣቢታ እጇን ስትዘረጋለት፣ እሱ ጣቶቹን አጥፎ የእጁን አንጓ ሰጣት።

«ጌታ ይባርክሽ፣ እህት ኢንስፔክተር። አንቺን የላከልን እሱ ነው።»

«እግዜር ያጽናችሁ። ምግብ ላይ ነበሩ እንዴ?»

«ምን ምግብ አለ፣ እህቴ። እንባዬ ነው ምግቤ።»

ጣቢታ አንጓውን ለቀቀችው። ሰው ካልበላ፣ እጁም ጭቃ ካልነካው፣ አንጓውን የሚሰጠው ለምንድነው? ሰውየው ላይ የሽቶ መዓዛ አለ፤ ለሐዘንተኛ ትንሽ የበዛ።

አንዲት ባልቴት ከድንኳኑ ውስጥ ተጣሩ። «ልጄ ሆሴዕ፣ እስኪ ያቺን መዝሙር አንብብልን፣ ልባችን ይረፍ።»

«በቃሌ እላታለሁ፣ እማማ» አለና ዓይኑን ጨፍኖ አነበነበላቸው። መጽሐፉ ብብቱ ስር እንደተዘጋ ቀረ።

ጣቢታ እስኪጨርስ ጠብቃ ወደ ጥግ ወሰደችው።

«ብሩን በዓይንዎ አይተውታል?»

«እንዴታ። ወንድሜ ከመሞቱ በፊት ባለው እሁድ ልጠይቀው መጥቼ፣ እዚህ ደጃፍ ላይ ቋጠሮውን ፈቶ አሳየኝ። እኔም ‹ጋሼ› አልኩት፣ ‹ተመልከት፣ ይሄ እኮ የቄሳር መልክ ነው። ቆልማማ አፍንጫ፣ በራሱ ላይ ቅጠል የደፋ። ጌታችን የቄሳርን ለቄሳር ብሏል፤ ለመንግሥት አስረክብ› አልኩት። ሰማኝ። ለመስጠት ግን አልታደለም።» ዓይኑን ጠረገ። በአጠገባቸው ያለፉ ሁለት ሴቶች አብረውት አለቀሱ።

«ረቡዕ ማለዳስ የት ነበሩ?»

«ዱራሜ፣ መጋዘኔ። መርዶው በስልክ ነው የደረሰኝ።»

«ማንን ይጠረጥራሉ?»

«እኔ ሰው አልከስም። ግን እግዚአብሔር ራሱ በቆጮው ላይ ምልክት ካደረገ፣ እኔ ማን ነኝ?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይልቅ እህቴ፣ ልጅቷን ስትወስዷት ቤቱንና እንሰቱን ማን ይረከባል? ባሏም የለ። የወንድሜ ልፋት ሜዳ ላይ እንዳይቀር ብዬ ነው።»

ጣቢታ ምራቋን ዋጠች፤ ደስ የማይል ነገር እንደቀመሰ ሰው።

ሳጅኑ «አዛኝ ሰው ይመስላል» አላት ሲርቁ።

«ይመስላል።»

ሐዳሳ መደቡ ላይ ትንሿን ልጇን አቅፋ ተቀምጣ ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ አማቷን እንደ አባት ስትጦር የኖረች ሴት ናት። ጣቢታ ሚሊሻውን ውጭ አስቀርታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ብሩን ማን ሰጠሽ?»

«አባባ። ከጓሉ አንዷ ተላቃ ወደቀች፤ ‹ይቺ ለልጅቷ ማስታወሻ ትሁን› አሉኝ። ኋላ አብሬ ላስረክባት ነበር።»

ጣቢታ ፍሬዋን ከፖሊሱ ፖስታ አውጥታ መዳፏ ላይ አገላበጠቻት። የሻገተ ዳቦ ቅራፊ ትመስላለች። በጥፍሯ ብትፍቃት አልለቀቀችም።

«ምን ይታይሻል?»

«ምን ይታያል፣ እህቴ? ቆሻሻ ነው። አባባም ‹የማን መልክ ይሆን ያለበት?› እያሉ ሲያገላብጧት ሞቱ።»

«ቆጮውን ማን ከደነው?»

«እኔ። ደህና አድርጌ። ለለቅሶ ስከፍተው ግን ክዳኑ የኔ አልነበረም። ነገርኳቸው፤ ‹እጇን ካደች› አሉኝ።» ልጇን ወደ ራሷ ሳበች። «ከወሰዳችሁኝ ልጄን ለማን ልስጣት? ለአጎቷ? ገና ካሁኑ እንሰቱን በዓይኑ እየለካ ነው።»

ጣቢታ የልጅቷን ራስ ዳሰሰች። «እስኪ ቆይ» አለች፤ ሌላ ተስፋ አልሰጠችም። የማይጨበጥ ተስፋ መስጠት አትወድም ነበር።

ቀጥሎ ጎረቤቱን ሲላስን አስጠራች። የጋሪ ነጂ ነው፤ ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው፣ ከሟቹም ጋር በድንበር ይጣላ ነበር። ሚስቱ ሰብሌ ሳትጠራ ተከትላው መጣች።

«ከጋሽ ጠና ጋር ጠብ ነበራችሁ አሉ።»

«ነበረን» አለ ሲላስ። «ሦስት እንሰት ነቀሉብኝ፣ እኔም ነቀልኩባቸው። ግን ለሦስት እንሰት ሰው አልገድልም። ለአምስትም አልገድልም።»

«ለስድስትስ?» አለ ሳጅኑ።

«ለስድስት ቀበሌ እከሳለሁ።»

«ብሩን አይተኸዋል?»

«ማሰሮው የተሰበረ ዕለት። እኔ ነኝ ጓሉን ያነሳሁላቸው። ምኑ ይታያል? ፍየል እንኳ አታሸተውም። መልክም ጽሑፍም አልነበረውም።»

ሰብሌ ከኋላው ብቅ አለች። «ምን ያስለፋችኋል? ቆጮው ተናግሯል። ንጹሕ እጅ የከደነው ቆጮ መቼ ገምቶ ያውቃል?»

«እውነትሽን ነው» አለቻት ጣቢታ። «ያልሽውን አትርሺው፤ ኋላ እፈልገዋለሁ።»

ሰብሌ ደስ ብሏት ሄደች።

ከሆሳዕና የተጠራው ዳኘ በባጃጅ መጣ። ጌጣጌጥ የሚሸጥና የሚገዛ ነጋዴ ነው። ጣቱ ላይ ሁለት ቀለበት አለ፤ ፊቱ ላይ ደግሞ የታመመ ሰው ገጽታ።

«ማክሰኞ ሱቄ ይዘውት መጡ» አለ ሳይጠየቅ። «እንዳታባብለኝ፣ ብር መሆኑን ብቻ ንገረኝ አሉኝ። ጠረጴዛ ላይ ፈቱት። ሁሉም አረንጓዴ ነው። አንዱን ብፍቀው አልለቅ አለኝ። የሰው መልክ ይኑረው የፈረስ አይታወቅም። በአሲድ ልጠበው ብላቸው ቋጠሮውን ነጠቁኝ።»

«ሊገዙት ጠይቀዋል?»

«ጠይቄያለሁ። ‹ነገ ለመንግሥት ነው› አሉኝ። ልዋሽዎ አልፈልግም፣ ኢንስፔክተር፤ ስመኘው አደርኩ። ጠዋት መሞታቸውን ስሰማ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ‹ብሩስ?› የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ ራሴን ጠልቼዋለሁ።»

«ረቡዕ ማለዳ የት ነበሩ?»

«ሱቅ ስከፍት። ጎረቤቶቼ አብረውኝ ነበሩ። ግን ሰው ልኮ ነው ይሉኛል።»

«ማንም አላልዎትም» አለች። «ገና።»

አሁን የቀረው ጓሮው ነው። ከቤቱ ጀርባ እንሰቱ እንደ ግድግዳ ቆሟል። ሳጅኑ ጥግ ላይ ደርሶ ቆመ።

«አለቃ፣ ሊቀ መንበሩ ወንድ ለቁፋሮ ካልሆነ እዚያ አይደርስም ብለዋል። ሴቶች እንሰት የሚፍቁበት ነው፤ ነውር ነው አሉኝ።»

«ነውር ነው። ለዚህ ነው ፈታሾቹ ጎተራ ገልብጠው የቆጮውን ጉድጓድ ያልነኩት። አንተ ግን ዛሬ ፖሊስ ነህ፤ ና፣ አፍንጫህን ይዘህ።»

አሮጌው ጉድጓድ ጋሽ ጠና ከሞቱበት ከአዲሱ ጉድጓድ አጠገብ ነው፤ አንዱ ጋ ሆኖ ምራቅ ቢተፋ ሌላው ጋ ይደርሳል። ጣቢታ ተንበረከከች። ከፊሉ ክዳን እንደ ሐዳሳ እጅ ነበር፤ የኮባ ቅጠሉ በፀሐይ ለስልሶ፣ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርቦ ውኃውን ወደ ውጭ ያፈሳል። ድንጋዩም ከዳር እስከ ዳር ተደርድሯል። በስተቀኝ በኩል ግን ሌላ እጅ ገብቷል። እርጥብ ኮባ በቢላ ተቆርጦ፣ ሳይለሰልስ ተጥሏል፤ ሲደርቅ በአጥንቱ በኩል ተሰነጣጥቋል። አደራረቡም ተገልብጦ ዝናቡን ወደ ውስጥ ይቀዳል። ድንጋዩ መሐል ላይ ተከምሯል።

«ይህን የዘጋ ሰው» አለች፣ «ቆጮ ሲበላ እንጂ ሲከደን አይቶ አያውቅም።»

እጅጌዋን ጠቀለለች። በግራ በኩል ያለው ቆጮ ነጭና ደህና ነበር። በቀኝ በኩል ግን ትል ይርመሰመሳል፣ ጥቁር ውኃ ያዥቃል። ሳጅኑ ዞር ብሎ አንድ እንሰት ሥር አስመለሰ። ጣቢታ ግን እጇን እስከ ክርኗ አስገባች። ወደ ታች ስትወርድ ቆጮው ቀለሙን ለወጠ። ቡጢ የሚያህለው ቦታ ሰማያዊ አረንጓዴ ሆኗል። እዚያው ጣቶቿ መሐል ጠንካራ ነገር ገባ።

በውኃ አጠበችው። እንደ አዲስ የነጣ ብር ነው። በላዩ ላይ የሰው ጭንቅላት ጎልቶ ይታያል፤ ቆልማማ አፍንጫ፣ በራሱ ላይ የቅጠል አክሊል።

ፎቶውን ለባህል ቢሮዋ ለቤተልሔም ላከችላትና ደወለች።

«ያው የሮማ ብር ነው» አለች ቤተልሔም። «ግን ምነው አጠባችሁት? ልብ ያደርቃል እኮ።»

«በውኃ ብቻ ነው ያስለቀለቅነው። አረንጓዴው ምንድነው?»

«ከብሩ ጋር የተቀላቀለው መዳብ ነው፤ መሬት ውስጥ ሲቆይ ዝጎ ይሸፍነዋል። በጥፍር አይለቅም። ኮምጣጣ ነገር ውስጥ ሲሰነብት ግን ይበላለታል። ሎሚ ውስጥ ነው የከተታችሁት?»

«ቆጮ ውስጥ ነው የከተቱት» አለች ጣቢታ።

ሳጅኑ አፉን እየጠረገ ተነሳ። «ገዳዩ እዚህ ደብቆት ነበራ።»

«ደብቆም ወስዶታል። አንዱን ሲጥል ሳያውቅ። እስኪ ሰዉን ሁሉ ድንኳን ሰብስብልኝ። ሐዳሳንም አምጣት፤ ልጇን ይዛ።»

ድንኳኑ ሞላ። ጣቢታ እጇን በሳሙና ደጋግማ ታጥባለች፤ ሽታው ግን አልለቀቃትም። ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ ሆሴዕ፣ ሲላስና ዳኘ ተቀመጡ። ሴቶቹ በስተግራ ናቸው፣ ሰብሌ ከፊት። ሐዳሳ ምሰሶውን ተደግፋ ቆመች፤ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

«የመጣሁት ይቺን ሴት ልወስድ ነው» አለች ጣቢታ። «የከሰሳት ቆጮው ስለሆነ በሱ እጀምራለሁ። ሰብሌ፣ ንጹሕ እጅ የከደነው ቆጮ አይገማም ብለሽኛል።»

«ብያለሁ።»

«ሐዳሳ የከደነችው ጎን አልገማም። ሄደሽ ማየት ትችያለሽ። የገማው ሌላ ሰው ከፍቶ የዘጋው ጎን ነው። እርጥብ ኮባ ሳይለሰልስ፣ አደራረቡ ተገልብጦ። ከናንተ መሐል እንዲህ አድርጋ የምትከድን ሴት ማን ናት?»

ሴቶቹ ተያዩ። ባልቴቷ «እርጥብ ኮባ? የአራስ ልጅም አታደርገውም» አሉ።

«ስለዚህ ሴት አይደለም። ቆጮ ወዳለበት እንዳይደርስ እየተባለ ያደገ ወንድ ነው። ፈታሾች ሁሉ ወንድ ስለሆኑ የቆጮ ጉድጓድ እንደማይነኩ ያውቃል። ጋሽ ጠናን በገዛ ዶማቸው መትቶ ቋጠሮውን ሲፈታ፣ ሴቶች ከምንጭ እየተመለሱ መሆን አለበት። በእጁ ይዞ ቢወጣ ይታያል። አጠገቡ ያለውን ጉድጓድ ከፍቶ ወደ ውስጥ ገፋው። ኋላ፣ ሰዉ ቸርች ሲሄድ ተመልሶ ወሰደው። ሁለት ጊዜ ከፈተ፣ ሁለት ጊዜም አበላሸ።»

ነጩን ብር ወንበሩ ላይ አስቀመጠች፤ ከጎኑ የሐዳሳን አረንጓዴ። ሰዉ አንገቱን አሰገገ።

«ሁለቱም ከአንድ ማሰሮ ናቸው። ይህኛውን ያነጣው የቆጮው ኮምጣጤ ነው። ሲላስ፣ አንተ ያየኸው የትኛውን ነው?»

«አረንጓዴውን። ይሄንንማ ባይ ድንበሩን ትቼ እጣላበት ነበር።»

«አቶ ዳኘ?»

«አረንጓዴውን። ማክሰኞ፤ እሳቸው ሊሞቱ ሲሉ። ሁሉም አረንጓዴ ነበር።»

«ሐዳሳ የያዘችውን እያያችሁት ነው። ጋሽ ጠና ራሳቸው የማን መልክ እንዳለበት ሳያውቁ ሞቱ። ታዲያ ከሞቱ በፊት ባለው እሁድ፣ የቄሳርን ቆልማማ አፍንጫና የራሱን ቅጠል ያየ አንድ ሰው አለ። አቶ ሆሴዕ፣ ምን ላይ አዩት?»

ሰዉ ሁሉ ወደ ሆሴዕ ዞረ።

ሆሴዕ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ወንድሜ… አንዱን አጥቦ ይሆናላ ያሳየኝ። ሐዘን ላይ ነኝ፣ እህቴ፤ ሰው ይሳሳታል።»

«ጋሽ ጠና ማጠብ ቢያውቁማ ዳኘ ማክሰኞ ለምን ‹ልጠበው› አላቸው? እርስዎ እሁድ አይተውት፣ ማክሰኞ ተመልሶ አረንጓዴ ሆነ? ያ መልክ ከቆጮ ከወጣ በኋላ ካልሆነ በቀር የታየበት ቀን የለም። ያየውም ያወጣው ሰው ብቻ ነው።»

«ዱራሜ ነበርኩ አልኩሽ እኮ።»

«እሱን የዱራሜ መጋዘንዎ ሠራተኞች ይነግሩናል። አሁን እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ከመጣሁ ጀምሮ ለሰው እጅዎን አይሰጡም፣ አንጓ ነው። የእኔን እጅ ያሽትቱ፤» ወደ ፊቱ ዘረጋችለት፤ ሰውየው ወደ ኋላ አለ። «ለሁለተኛ ጊዜ ሳሙና ነክቶታል። የበሰበሰ ቆጮ በሽቶም አይወጣም። እስኪ ለማንኛውም፣ ያቺን የቄሳርን ቃል ከመጽሐፉ ያንብቡልን። ‹ይህ መልክ የማን ነው?› የምትለዋን።»

«በቃሌ አውቃታለሁ።»

«ሰዉ ከመጽሐፉ መስማት ይፈልጋል።»

«እኮ አንብብልን፣ ልጄ» አሉ ባልቴቷ በየዋህነት።

ሆሴዕ ሽፋኑን ደረቱ ላይ ጨመቀው። ሳጅን ኃይለኢየሱስ ከኋላው ቀስ ብሎ እጁን አሳልፎ ወሰደበት፤ ዚፑን ሳበው። ወዲያው ፊቱን አዞረ። ያ ሽታ፣ ያ ጓሮ ያስመለሰው፣ ከቆዳው ሽፋን ውስጥ ወጣ። መጽሐፍ የለም። የጋሽ ጠና ጨርቅ አለ፤ በውስጡም ብሩ ነጭ ሆኖ፣ ግማሹ በዶማ እንደተቆረጠ፣ በላዩ ላይ ደርቆ የተጣበቀ ቆጮ።

ባልቴቷ አፋቸውን ያዙ። «መጽሐፉንስ? መጽሐፉን የት ጣልከው?»

ስለ ወንድሙ የጠየቀው ሰው ስላልነበረ ይሁን አላውቅም፣ ሆሴዕ ለዚህች ጥያቄ ብቻ መለሰ። «መጋዘን ነው ያለው» አለ፣ ወለሉን እያየ። «ከጆንያ በታች።» ቀጥሎም ማንም ሳይጠይቀው፣ «ለመንግሥት ሰጥቶ ምን ሊያገኝ ነበር? እኔ ገዢ ነበረኝ። እምቢ አለኝ። ዝም ብሎ እምቢ» አለ።

ሲላስ መሬቱ ላይ እንትፍ አለና ከአጠገቡ ተነሳ። ዳኘ ቀለበቶቹን ከጣቱ እያወለቀ ኪሱ ከተተ፤ ለምን እንዳደረገው እሱም የሚያውቅ አይመስልም። ሳጅኑ ለሆሴዕ ካቴና ሲያስገባለት አንጓውን በጥንቃቄ ያዘ፤ ከዚያ በታች መንካት አልፈለገም።

ጣቢታ ብሩን ሰብስባ ፖስታ ውስጥ ከተተች። ከሮማ ድረስ፣ ይህን ያህል ዘመን አልፎ የመጣ ነገር ነው፤ ልታደንቀው ይገባት ነበር። ግን ስትነካው የምታስበው ገላዋን መታጠብን ብቻ ነበር።

ሐዳሳ ወደ ወንበሩ መጣች። አረንጓዴዋን ፍሬ አንስታ ከፖስታው ውስጥ ጨመረቻት። «አባባ ሊያስረክቡ ነበር» አለች። «የልጄ ማስታወሻ እሱ ይሁናት።»

ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረች። አቀርቅረዋል። ሰብሌ የነጠላዋን ጥለት ትቆጥራለች።

«ጉድጓዱ እንዲህ ከዋለ ደህናውም ይበላሻል» አለች ሐዳሳ። «ነገ ማለዳ ኑና አብረን እናውጣው። ደህናውን ወደ አዲሱ ጉድጓድ እናዛውረዋለን፤ አባባ የቆፈሩት ለሱ ነው። የገማው ለእንሰቱ ሥር ይሆናል።»

«እንመጣለን» አሉ ባልቴቷ። ሌሎቹም «እንመጣለን» አሉ።

«አንቺስ፣ ሰብሌ?»

«እመጣለሁ፣ እህቴ። ምን ይዤ ልምጣ?»

«ምንም። በትሉ በኩል ቁሚ።»